ለሕፃኗ ያዘጋጀነው ክፍል

ክፍሉ ድሮ ዕቃ ቤት ነበር። አባቴ ሶዶ ላይ የሠራው ቤት ሦስት ክፍል አለው፤ ሦስተኛው ከመኝታ ቤታችን ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰን፣ በምሥራቅ በኩል አንዲት መስኮት ያለችው ጠባብ ክፍል ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች የእህል ጆንያ ታስቀምጥበት ነበር። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን በኋላ ደግሞ የተሰበረ ወንበር፣ የድሮ የተማሪ ደብተር፣ የማንጥለውና የማንጠቀምበት ነገር ሁሉ እዚያ ይገባ ጀመር። አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ቆየ። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ባለቤቴ በሩን ከፍቶ ቆሞ ውስጡን ሲያይ አገኘሁት። ምን እንደጠፋበት ስጠይቀው፣ «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባል፤ ለሕፃን ጥሩ ነው» አለኝ።

ያኔ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱንም ጊዜ አስወርዶኛል። ከሁለተኛው በኋላ ሐኪሙ፣ እንዳልከፋ እየተጠነቀቀ፣ ከእንግዲህ ብዙ ተስፋ እንዳላደርግ ነግሮኛል። የአንደኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የምውለው ከልጆች ጋር ነው። ሰዎች ይህ የሚያጽናናኝ ይመስላቸው ነበር።

ባለቤቴ የቤሌ ልጅ ነው፣ ወላይታ። እኔ አያቴ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ የሶዶ ተወላጅ ነኝ። ወላይትኛ እሰማለሁ፤ ስናገረው ግን የገዛ ተማሪዎቼ ይስቁብኛል። ስለዚህ የባለቤቴ ቤተሰቦች ዘንድ ስሄድ ዝም ማለት ልማዴ ነው። ዝም ስለምል ብዙዎቹ አትሰማም ብለው ያስባሉ፤ እኔም አንዳንዴ እንዲያ ቢያስቡ ይሻለኛል።

የልጁን ነገር ያመጡት አማቴ ናቸው። ታናሽ ልጃቸው፣ ማለትም የባለቤቴ እህት፣ ከሃላሌ ከተማ ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ባለ ቀበሌ ነው ያገባችው። አምስት ልጆች አሏት። ባሏ ለእርሻ ሥራ ወደ ቆላ ወርዶ እዚያው ይከርማል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የመጣው። በሦስተኛው አመጣጡ ስድስተኛውን አስረግዟት ተመለሰ። አማቴ ይህን ለባለቤቴ በስልክ ሲነግሩት፣ እሷ አቅም እንደሌላት፣ እኛ ደግሞ ልጅ እንደሌለን፣ ሲወለድ ብንወስደው ለሁሉም እንደሚበጅ አብረው ነገሩት። በዘመድ መካከል ልጅ መስጠት በእኛ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ባለቤቴ ራሱ እስከ ሰባት ዓመቱ ያደገው አጎቱ ቤት ነው።

«እሷስ ምን አለች?» ብዬ ጠየቅኩት።

«እሺ ብላለች» አለኝ።

በኋላ ሳጣራ እሺ አላለችም። አማቴ ሲነግሯት ዝም ነው ያለችው፤ ዝምታዋን ሁላችንም እሺታ አደረግነው። እኔም ስልክ አንስቼ በራሷ አፍ እንድትነግረኝ አልጠየቅኳትም። እምቢ እንዳትል ፈርቼ ነው። ይህን ዛሬም አልሸሽገውም።

ክፍሉን ባዶ ለማድረግ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። ከጆንያዎቹ ሥር የአይጥ ጎጆ ወጣ። ግድግዳው ከሥር ተቦርብሮ ስለነበር ባለቤቴ ሲሚንቶ አቡክቶ ራሱ ደፈነው፤ ጀሶ ቀባው፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው የሚሠራው፤ እንዲህ ያለ ሥራ በእጁ ሲሠራ አይቼው አላውቅም። በቀለሙ ትንሽ ተከራከርን። እሱ አረንጓዴ ፈለገ፣ እኔ ለወንድም ለሴትም የሚሆን ፈዘዝ ያለ ቢጫ አልኩ፤ ቢጫው ሆነ። ወለሉ ላይ ያለው ሊሾ ስለተሰነጣጠቀ የፕላስቲክ ምንጣፍ አነጠፍንበት። ኮርኒሱን አስቀየርን። መጋረጃውን እኔ ሰፋሁ፤ ለአልጋዋ የሚሆን ትንሽ አጎበር ፈልጌ አላገኘሁም፣ ትልቁን ቆርጬ አሳነስኩት።

አልጋውን ያሠራነው መናኸሪያው አጠገብ ካለ አናጺ ነው። የምንፈልገውን ስንነግረው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ልጁ ስንት ወሩ እንደሆነ ጠየቀን። ገና አልተወለደም አልነው። ሆዴን አየ፤ ምንም የለም። ባለቤቴ ነገሩን ሲያስረዳው ሰውዬው እርሳሱን መልሶ ጆሮው ላይ ሰካና ሳይወለድ የሕፃን አልጋ እንደማይሠራ፣ አባቱም እንደማይሠሩ በትሕትና ነገረን። ሲወለድ ኑ፣ በሦስት ቀን አደርስላችኋለሁ አለ። ባለቤቴ ለመነው። በመጨረሻ የተስማማነው ሦስቱን ጎን ሊሠራና አራተኛውን ርብራብ ሳይመታ ሊተወው ነው፤ ልጁ ቤት ሲገባ መጥቶ ሊመታው። የዋንዛ እንጨት ነበር፣ ቫርኒሹ የሚያምር። አልጋውን ቤት አምጥተን አራተኛውን ጎን ክፍሉ ግድግዳ ላይ አስደገፍነው።

ልብሱን ግን ማንም ጠብቂ አላለኝም፣ ቢሉኝም አልሰማም ነበር። ክር ገዝቼ ኮፍያ ያለው ሹራብ በእጄ ሠራሁ። ሁለት የሱፍ ቆብ፣ አምስት ካልሲ፣ ገበር ያለው ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ፍላኔል ቱታዎች። የሥራ ባልደረቦቼም ያመጡልኝ ነበር። ሁሉንም ወፍራም ወፍራሙን መረጥኩ፤ ከዚያ ዳገት ወደ ሶዶ ስናመጣት ብርድ እንዳይመታት ብዬ ነው።

መጋቢት ላይ፣ ረቡዕ ቀን፣ አማቴ ደወሉ። ሴት ናት፣ እናትም ልጅም ደህና ናቸው አሉ። ቅዳሜ ልንሄድ ወሰንን። አርብ ዕለት ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ጠየቅኩ፣ መምህራን ማረፊያ ገብቼም፣ «ልጄን ላመጣ ነው» አልኳቸው። አቀፉኝ። አንዷ አለቀሰች።

ልብሶቹን ሁሉ በአንድ ትልቅ የዚፕ ቦርሳ ሞልቼ በጠዋት ተነሣን። ቤሌ ላይ አማቴን ይዘን መኪና ቀየርን። ከሃላሌ በኋላ ያለውን ዳገት በሞተር ወጣነው፤ እያካፋ ነበር። ቤቷ ከእንሰቱ መሐል የቆመ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ በአንድ በኩል ያለው ጭቃ ተልጦ ማገሩ ይታያል። አምስቱ ልጆች ደጅ ላይ ቆመው ጠበቁን። ትልቋ አሥራ ሁለት ዓመት ይሆናታል፤ ቦርሳውን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች፣ ራሴ እይዘዋለሁ አልኳት።

እናትየዋ አልጋው ላይ ተቀምጣ ታጠባለች። ሕፃኗ የተጠቀለለችው አራት በታጠፈ አሮጌ ነጠላ ነው፤ አንድ እግሯ ወጥቶ ይታያል። እህቲቱ እኔን አላየችኝም። ያየችው ቦርሳውን ነው። አማቴ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወሊዱ ብዙ አወሩ። እኔ ጥቂት ጠብቄ ልያዛት ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ ሰጠችኝ።

ምንም አትከብድም ነበር። ቅቤ ቅቤ ትሸታለች። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ጨፈነች፤ ከንፈሯ አሁንም ይጠባል። ስንት ደቂቃ እንደያዝኳት አላውቅም። ማልቀስ ስትጀምር እናትየዋ እጇን ዘረጋች፤ እኔ ቶሎ አልሰጠኋትም። እሹሩሩ እያልኩ ቆየሁ። እጇ እንደተዘረጋ ነበር። ልጅቷ ብሶባት ስታለቅስ ነው የመለስኩላት።

ከዚያ ለወንድሟ በወላይትኛ ተናገረች። እኔ የማልሰማ መስሏት ይሁን ወይም እንድሰማ ፈልጋ አላውቅም። ዘጠኝ ወር ሙሉ ሆዷ ውስጥ ያለው የእነሱ ነው እያለች ለራሷ ስትነግር እንደቆየች፣ ስሟን እንኳ እንዳላሰበችላት፣ ስትወለድ ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደነበር ነገረችው። «ግን አየኋት» አለችው። «ብሞት ኖሮ ትወስዳት ነበር። አልሞትኩም። ጡቴም አልደረቀም። አልችልም።»

አማቴ ተቆጧት። ሰው ይህን ያህል ተዘጋጅቶ፣ ቤት አድሶ፣ አልጋ አሠርቶ መጥቶ እንዴት እንዲህ ይባላል አሏት። እሷ ልጅቷን ወደ ደረቷ አስጠግታ ወደ ታች ታያለች። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረና በአማርኛ፣ «ትንሽ ትጥና ነው የምትለው፤ ጡት ትጥገብ» አለኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኩት።

ተነሣሁ። ቦርሳውን ዚፑን እንኳ አልከፈትኩትም ነበር። አንስቼ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠልኩት። ባለቤቴ ክንዴን ይዞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልብሱን ተይላት» አለኝ።

«ልብሱ የልጄ ነው» አልኩ። ጮክ ብዬ አይደለም፤ ግን ሁሉም ሰምተዋል። አማርኛ የማይሰሙት ትንንሾቹ ልጆች እንኳ ከፊቴ የገባቸው ይመስለኛል።

ግቢውን ልወጣ ስል ትልቋ ልጅ ከኋላዬ ሮጣ ደረሰችብኝ። ለመንገዳችን የተቀቀለ ቦዬ፣ እንደ ድንች ያለ ሥር፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ አምጥታልኛለች። ተቀበልኳት። ያን ቦዬ ተቀብዬ፣ ልብሱን ይዤ ዳገቱን ወረድኩ። አማቴ እዚያው ቀሩ። ባለቤቴ ቆይቶ መጣ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ስገባ ባልደረቦቼ ስለ ልጅቷ ጠየቁኝ። እውነቱን ልነግራቸው ነበር የገባሁት። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው፤ ትንሽ እንዳመማት፣ ስትጠነክር እንደምናመጣት ነገርኳቸው። አንዱ መምህር የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፤ እንጸልይላት አለና ሁሉም ተነሥተው ቆሙ። ስለ ሕፃኗ ጤንነት ጸለየ። እኔም ከነሱ ጋር አሜን አልኩ።

ቦርሳውን ክፍሉ ውስጥ፣ ሦስት ጎን ያለው አልጋ ላይ አስቀምጬ በሩን ቆለፍኩት። ቁልፉን በእጅ ቦርሳዬ ይዤ እውላለሁ። ባለቤቴ ሚያዝያ ላይ አንድ ጊዜ አነሣው፤ እቃው ዝም ብሎ ከሚቀመጥ እንላክላት አለ። ተነሥቼ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲበረታ እንደገና መጣብኝ። እናቱ ደውለው፣ የዚያ ቤት ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ ልጅቷ ሳል እንደያዛት ነግረውታል። ቁልፉን ስጪኝ አለኝ። እኔው እልካለሁ አልኩት። አልላክሁም።

ሕፃኗን ጠልቼ አልነበረም። ብዙ ጊዜ ይህን ራሴን ጠይቄያለሁ፤ አልጠላኋትም። የምጠብቀው እናቷ እንድትደውልልኝ ነው። በአንዱ ቀን ትደውላለች፣ ትለምነኛለች፣ እኔም ያኔ በደስታ ሁሉንም እልካለሁ ብዬ ነበር። ምን ብላ እንደምትለምነኝ፣ እኔ ምን እንደምላት ሳይቀር በሐሳቤ አዘጋጅቼ ነበር። አልደወለችም። ባለቤቴ ከገበያ ሌላ ብርድ ልብስ ገዝቶ መላክ ይችል ነበር፤ ለምን እንዳልላከ ከብዙ ጊዜ በኋላ ስጠይቀው፣ በሩን እኔ በእጄ እንድከፍት ይፈልግ እንደነበር ነገረኝ። ሁለታችንም እየጠበቅን ነበር። ዝናቡ አልጠበቀንም።

ሐምሌ ላይ ትምህርት ተዘግቶ ቤት ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ከሥራ ደውሎ ልጅቷን ሃላሌ ጤና ጣቢያ እንዳስገቧት፣ ከዚያ ወደ ሶዶ ሆስፒታል በአምቡላንስ እየመጡ እንደሆነ ነገረኝ። የሳንባ ምች ነው ተብሏል። ስልኩን ዘግቼ በሩን ከፈትኩ።

ክፍሉ የታፈነ ሽታ ሸተተኝ፤ ቫርኒሽና ሻጋታ። በጥጉ በኩል ጣሪያው አፍስሶ አዲሱ ኮርኒስ ጠቁሯል፤ ባለቤቴ የቀባው ቢጫ ከግድግዳው ላይ አብጦ ተልጧል። ቦርሳው ደረቅ ነበር። ይዤው ወጣሁ።

ሆስፒታል ስደርስ ሕፃኗ አፍንጫዋ ላይ ቀጭን የኦክስጅን ቱቦ ተደርጎላታል። አራት ወሯ ነው፤ የሁለት ወር ልጅ ነው የምትመስለው። ጎድኗ ስትተነፍስ ወደ ውስጥ ይገባል። እናቷ አጠገቧ ቆማለች፤ ከአምቡላንሱ የወረደችበት የረጠበ ቀሚስ ላይዋ ላይ ነው። ስታየኝ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠችኝ፤ ያን ያህል ብቻ። ነርሷ የሕፃኗ ልብስ እርጥብ ስለሆነ ደረቅ ካላችሁ ቀይሩላት አለችን። ቦርሳውን ከፈትኩት።

ያንን በእጄ የሠራሁትን ሹራብ ነው መጀመሪያ ያወጣሁት። በጭንቅላቷ ላስገባ ብሞክር አንገቱ አልገባም አለ። ከሲታ ብትሆንም ጭንቅላቷ የአራት ወር ልጅ ጭንቅላት ነው፤ እኔ ደግሞ የሠራሁት ለሦስት ቀን ሕፃን ነው። ቱታውን ሞከርን፣ እግሯ ወጣ። ካልሲው ተረከዟ ላይ ቀረ። እናቷ ከእጄ ተቀብላ እሷም ሹራቡን ሞከረች፤ ቀስ አድርጋ፣ ክሩን ሳትለጥጥ። ከዚያ አጣጥፋ መለሰችልኝ።

«ጠቧታል» አለች።

የሆነላት ብርድ ልብሱ ብቻ ነበር። በሱ ጠቀለልናት።

አምስት ቀን ቆየች። ሐኪሞቹና ነርሶቹ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል፤ ስለዚያ ምንም የምለው የለኝም። እኔ ጠዋትና ማታ አጥሚትና ምግብ አመላልሳለሁ፤ እናትየዋ አጥሚቱን ትጠጣለች፣ ምግቡን አትነካውም። ከእኛ ቤት መጥታ እንድታርፍ ለመንኳት፣ ከዚያ ወንበር አልነሣም አለች። በሦስተኛው ቀን ሕፃኗ ሻል አላት። ጡት ጎትታ ጠባች፣ ትኩሳቷም ወረደ። እኩለ ቀን ላይ እናቷ ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እኔ ሕፃኗን ይዤ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ነቅታ ታየኝ ነበር። የነጠላዬን ጥለት ይዛ አልለቅም አለች።

ያን ሰዓት ያሰብኩትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ትድናለች፣ ያቺ ቤት ሕፃን እንደማይኖርባት አሁን ሁሉም አይተዋል፣ ከዚህ ስትወጣ ራሳቸው ውሰጂያት ይሉኛል ብዬ ነው ያሰብኩት። አራተኛውን ጎን እንዲመታ አናጺውን መቼ እንደምጠራው ሳይቀር አስቤያለሁ። እናቷ ከፊቴ አፏን ከፍታ ተኝታለች፤ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል።

በአምስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ነርሷ አንድ መድኃኒት እንዳመጣ ልካኝ ነበር። ስመለስ ከበሩ ሳልገባ አወቅኩ። የእናትየዋ አቀማመጥ ተለውጧል፤ ስታስታምም እንደነበረው ወደ ፊት አላዘነበለችም፣ ቀና ብላ ነው የተቀመጠችው። ቱቦው ተነሥቷል። መድኃኒቱን ይዤ ቆምኩ። ማን ከእጄ እንደተቀበለኝ አላስታውስም።

አማቴ ብርድ ልብሱን ልናለብሳት ነው፣ ትፈቅጃለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ከሁሉ የባሰብኝ ነው። እንዴት ይጠይቁኛል ብዬ ተናደድኩ፤ ቆይቼ ግን እንዲጠይቁኝ ያደረግኩት እኔ እንደሆንኩ ገባኝ።

ባለቤቴ መኪና ተከራየ። እናትየዋ እስከ ሃላሌ ድረስ ጭኗ ላይ እንዳቀፈቻት ሄደች፤ መንገዱ ሲያንገጫግጭ በእጇ ጭንቅላቷን ትደግፋለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ልያዝልሽ ለማለት አፍ አልነበረኝም። የተቀበረችው በዚያው ቀን ነው፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ዘመሩ፣ መቃብሩን ጎረቤቶች በዝናብ ውስጥ ቆፈሩት። አባትየው ከቆላ የደረሰው በሁለተኛው ቀን ነው። ደጁ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ልጆቹ ዙሪያውን ቆመው ያዩት ነበር።

ሶዶ ስመለስ ባልደረቦቼ ሰምተው ቤቴ ለለቅሶ መጡ። ልጇ የሞተባት እናት አድርገው አስተዛዘኑኝ። ሊያመጧት ሲሉ ሞተችባቸው ይሉ ነበር። ጥቁር ለብሼ ተቀበልኳቸው። ከመሐላቸው አንዷ፣ ያቺ መጋቢት ላይ ያለቀሰችው፣ እጄን ይዛ፣ ከመጀመሪያውም አሟት ነበር አይደል፣ ለትንሽ ጊዜ ብቻ ነበር የተሰጠችሽ አለችኝ። አዎ አልኳት። እስከ ዛሬ አላስተካከልኩትም።

መስከረም ላይ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ቤሌ ሄድን። ሐዘን ስላለ ጭፈራ አልነበረም፣ ግን የበዓሉ በሬ ታርዶ ተካፍሏል፣ ልጆቹ ሥጋቸውን መብላት አለባቸው። እህቲቱም ከነልጆቿ እናቷ ቤት መጥታ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጓሮ ውስጥ ዳታ ስትፈጭ አገኘኋት፤ ቃሪያውንና ዝንጅብሉን ድንጋዩ ላይ ታደቃለች። አጠገቧ ተቀምጬ ነጭ ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ። መንገድ ላይ ሳጠናው የመጣሁትን በተሰባበረ ወላይትኛዬ ነገርኳት። ልብሱን ይዤ መመለሴ ስህተት እንደነበር፣ ያኔ ትቼላት ብሄድ ኖሮ ምናልባት ልጅቷ እንደማትታመም፣ ይቅር እንድትለኝ።

መፍጨቷን አላቆመችም። የመለሰችልኝ በአማርኛ ነው፤ አማርኛዋ ገበያ ላይ የለመደችው ነው፣ አንቺና አንተ ይደባለቅባታል።

«ብትተወውም አላለብሳትም ነበር» አለችኝ። «እሱን ካለበስኩ ልጁ ያንቺ ነው ማለት ነው ብዬ። ሰቅዬ እተወው ነበር።»

እውነቷን ይሁን ወይስ አዝናልኝ አላወቅኩም። እሷ ድንጋዩን አንድ ሁለት ጊዜ ገፋችና በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች፤ ከቃሪያው ሊሆን ይችላል።

«ግን ብርድ ነበረ» አለች።

ሽንኩርቱን ልጬ ጨረስኩና ሰጠኋት፤ ከዳታው ጋር ፈጨችው።

አልጋውን ባለቤቴ ለአናጺው መልሶ ወሰደለት። ሰውዬው ምን እንደሆነ አልጠየቀውም፤ ተቀብሎ ወደ ጓሮ አስገባው። ትንንሾቹን ልብሶች ለማን እንደሰጠኋቸው አልናገርም፤ የሰጠኋት ሴት ከየት እንደመጡ አታውቅም። ያፈሰሰውን ጣሪያ አስጠገንን፣ ግድግዳው ግን በዚያው ቢጫ እንደተላጠ አለ።

ዘንድሮ አማቴ ዓይናቸው እየደከመ ስለመጣ ለሕክምና እንዲመቻቸው ሶዶ አመጣናቸው። የሚተኙት እዚያ ክፍል ነው፤ ሌላ ክፍል የለንም። ጠዋት መስኮቱን እከፍትላቸዋለሁ፣ ጠብታቸውን አደርግላቸዋለሁ፣ ስለ እግራቸው ሕመምና ስለ በቆሎው ዋጋ እናወራለን። ባለፈው ወር ልጃቸው ልትጠይቃቸው መጣች። በሩ ላይ ትንሽ ቆማ ውስጡን አየችና ገባች። ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፌላት ከእናቷ አጠገብ ሁለት ቀን አደረች። ሦስታችንም ከአንድ ትሪ በላን። ስለ ሕፃኗ አልተነሣም። ሰኞ ጠዋት የቤሌ መኪና እንዳያመልጣት ቸኩላ ወጣች። ለልጆቹ ዳቦ ልገዛላት ብል፣ መንገድ ላይ እገዛለሁ አለችኝ።